ዋናው ሳይነካ አይቀዳም፦ ስለ ዲኤንኤ ለተሰራጨው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ፣ በሕዋስ ውስጥ የውርስ መረጃ ስለሚይዘው ሞለኪውል፣ ስለ ዲኤንኤ፣ የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ አለ። ለእኔ መጀመሪያ የላከችልኝ ጎረቤቴ ስትሆን፣ በዚያው ሳምንት ሦስት የቀድሞ ተማሪዎቼም ላኩልኝ። ባዮሎጂ ባስተማርሁባቸው ዓመታት ሁሉ፣ ሕዋስ ዲኤንኤውን እንዴት እንደሚቀዳ የሚያብራራ የአማርኛ ጽሑፍ ይህን ያህል አንባቢ ሲያገኝ አይቼ ስለማላውቅ ንባቡን የጀመርሁት በደስታ ነበር። ስጨርሰው ግን ዝም ማለት አልቻልሁም። ከስሕተቶቹ አንዳንዶቹ በፈተና ነጥብ ከማስቀነስ ያለፈ ጉዳት የላቸውም፤ የመጨረሻው ግን ቤት ድረስ ገብቶ እናትን የሚያስለቅስ ነው፤ ሲያስለቅስም አይቻለሁ።

የጽሑፉን ሐሳብ ሳላዛባ ላስቀምጥ። ጸሐፊው አምስት ነገሮችን ይላሉ። አንደኛ፣ የዲኤንኤን ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ1953 ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ተቀምጠው በአንድ ጊዜ በበራላቸው ሐሳብ አገኙት። ሁለተኛ፣ ሕዋስ ዲኤንኤውን የሚቀዳው ቁም ጸሐፊ ዳዊት እንደሚገለብጥ ነው፤ ዋናው መጽሐፍ ሳይነካ በቦታው ይቀመጣል፣ አዲሱ ቅጂ ከጎኑ በአዲስ ብራና ላይ ይጻፋል። ሦስተኛ፣ ቅጂው ከአንዱ ጫፍ ተጀምሮ እስከ ሌላው ጫፍ እንደ ልብስ ዚፕ እየተከፈተ ይሄዳል፣ በሁለቱም በኩል እኩል ይጻፋል። አራተኛ፣ ሕዋስ በተቀዳ ቁጥር የዲኤንኤው ጫፍ ስለሚያጥር እናረጃለን፤ የተወሰኑ ዕፀዋትን ዱቄት የሚወስድ ሰው ግን ጫፉን መልሶ ያስረዝማል። አምስተኛ፣ ቅጂው በተፈጥሮው ፈጽሞ አይሳሳትም፤ በዲኤንኤ ላይ ለውጥ ከታየ ምንጊዜም ከውጭ በገባ ነገር፣ ማለትም በምግብ፣ በመጠጥ ወይም በአኗኗር ጉድለት የመጣ ነው።

በጽሑፉ ውስጥ እውነት የለም አልልም። አማርኛው የጠራ ነው፤ የቁም ጸሐፊው ምሳሌም ለእኛ ለአንባቢዎቹ ቅርብ በመሆኑ ነገሩን ለማንም ግልጽ ያደርገዋል። እንዲያውም ምሳሌው እስከ መጨረሻው ቢታሰብበት ኖሮ ጸሐፊውን ከአምስተኛው ስሕተት ያድናቸው ነበር፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያው ነጥብ ላይ ብዙ አልቆይም። ሞዴሉን የሠሩት ጄምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ መሆናቸው እውነት ነው። ሆኖም ሁለቱ ያን ሞዴል ያቆሙት ሌሎች ለዓመታት በለኩት ነገር ላይ ነው። ሞለኪውሉን ፍሪድሪክ ሚሸር በ1869 በጀርመኗ ቱቢንገን፣ ከሐኪም ቤት በመጣ መግል የተነከረ ፋሻ ላይ ከሰበሰባቸው ነጭ የደም ሕዋሳት ለይቶት ነበር። የውርስ ነገር የሚተላለፈው በእሱ መሆኑን ኦስዋልድ ኤቨሪ፣ ኮሊን ማክላውድና ማክሊን ማካርቲ በ1944 በባክቴሪያ አሳይተዋል። ኤርዊን ቻርጋፍ ዲኤንኤ ከተሠራባቸው ንጥረ ነገሮች መካከል በየፍጥረቱ ውስጥ የአዴኒን መጠን ከቲሚን፣ የጓኒን መጠን ከሳይቶሲን ጋር እኩል መሆኑን ለካ። በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ደግሞ ሮዛሊንድ ፍራንክሊንና ተማሪዋ ሬይመንድ ጎስሊንግ በግንቦት 1952 ያነሡት የኤክስሬይ ሥዕል ሞለኪውሉ ጥምዝ መሆኑን በግልጽ አወጣው። ይህን ሥዕል ሞሪስ ዊልኪንስ እሷ ሳታውቅ ለዋትሰን አሳይቶታል። ሚያዝያ 25 ቀን 1953 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣውም አንድ ጽሑፍ ሳይሆን ሦስት ጽሑፎች ጎን ለጎን ነበሩ። ፍራንክሊን በ1958 በ37 ዓመቷ ስላረፈች በ1962 የኖቤል ሽልማቱን ዋትሰን፣ ክሪክና ዊልኪንስ ተቀበሉ። ይህን የማነሣው ስም ለማስተካከል ብቻ አይደለም። ቅርጹ ከልኬት የተገኘ መሆኑን የዘነጋ ሰው ቅርጹ የሚናገረውን ነገርም ለመዘንጋት ቅርብ ነው፤ በቀሩት ነጥቦች ላይ የሆነውም ይኸው ይመስለኛል።

ስለዚህ ቅርጹን በአጭሩ ላስታውስ፤ የቀረው ክርክር ሁሉ ከእሱ ይመነጫልና። ዲኤንኤ እርስ በርስ የተጠማዘዙ ሁለት ረጃጅም ክሮች ናቸው። የእያንዳንዱ ክር ጀርባ ስኳርና ፎስፌት እየተፈራረቁ የተያያዙበት ሲሆን፣ ወደ ውስጥ በኩል አዴኒን፣ ቲሚን፣ ጓኒንና ሳይቶሲን የተባሉት አራቱ «ፊደላት» ተደርድረዋል፤ በትምህርት ቤት ልማድ ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ እንላቸዋለን። ኤ ከቲ ጋር በሁለት፣ ጂ ከሲ ጋር በሦስት የሃይድሮጅን ትስስር ይጣመራሉ። የክሮቹ ጀርባ በጠንካራ ኬሚካዊ ማያያዣ የተሰፋ ሲሆን ጥንዶቹን የያዘው ትስስር ግን በተናጠል ሲታይ ደካማ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ክሮች ሳይበጠሱ ሊላቀቁ ይችላሉ። ሌላም ነገር አለ፦ ሁለቱ ክሮች አቅጣጫቸው ተቃራኒ ነው፤ አንዱ ሽቅብ ሲነበብ ሌላው ቁልቁል ይነበባል። ጥምዙ በየ10.5 ጥንዱ ገደማ አንድ ዙር ይሞላል፤ ውፍረቱም 2 ናኖሜትር ነው።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልምጣ። ቁም ጸሐፊ ዳዊት ሲገለብጥ የሚገለበጠው መጽሐፍ በአትሮንስ ላይ ሙሉ ሆኖ ይቆያል፤ ሥራው ሲያልቅ አንድ አሮጌ መጽሐፍና አንድ አዲስ መጽሐፍ ይኖራሉ። ዲኤንኤ የሚቀዳው በዚህ መንገድ ቢሆን ኖሮ ከተከፈሉት ሁለት ሕዋሳት አንዷ አሮጌውን፣ ሌላዋ አዲሱን ይዛ ትሄድ ነበር። ይህ ሐሳብ በዘመኑ የሚናቅ አልነበረም። ከ1953 በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ሦስት ግምቶች ተቀምጠው ነበር፤ አንደኛው ጸሐፊው ያሉት ነው፤ ሁለተኛው ሁለቱ ክሮች ተላቀው እያንዳንዳቸው አዲስ ጓደኛ ያገኛሉ የሚል፤ ሦስተኛው ደግሞ አሮጌውና አዲሱ በየቦታው ተቆራርጠው ይደባለቃሉ የሚል ነበር። ጉዳዩን በክርክር መቋጨት ስላልተቻለ መለካት አስፈለገ።

የለኩት ማቲው ሜሰልሰንና ፍራንክሊን ስታል ሲሆኑ ሥራቸውን በ1958 አሳተሙ። ባክቴሪያዎችን ከባድ ናይትሮጅን ባለበት ምግብ ላይ ለብዙ ትውልድ አራቡ፤ የባክቴሪያዎቹ ዲኤንኤ በሙሉ ከባድ ሆነ። ከዚያ ድንገት ተራው ቀላል ናይትሮጅን ወዳለበት ምግብ አዛወሯቸው፤ ስለዚህ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሚሠራ አዲስ ክር ሁሉ ቀላል ይሆናል። ዲኤንኤውን አውጥተው በሲዝየም ክሎራይድ ጨው ውኃ ውስጥ በከፍተኛ ፍጥነት ሲያሽከረክሩት፣ እያንዳንዱ ሞለኪውል እንደ ክብደቱ በራሱ ከፍታ ላይ ይቆማል። ጸሐፊው እንዳሉት ቢሆን ከአንድ ትውልድ በኋላ ሁለት መስመር መታየት ነበረበት፤ ከታች ከባዱ አሮጌ፣ ከላይ ቀላሉ አዲስ። የታየው ግን አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እሱም ልክ መካከል ላይ። እዚህ ላይ «ዋናው አይነካም» የሚለው ሐሳብ ወደቀ። ከሁለተኛው ትውልድ በኋላ ደግሞ ሁለት እኩል መስመሮች ታዩ፤ ግማሹ ዲኤንኤ መካከል ላይ፣ ግማሹ ከላይ ቆመ፤ በዚህ የድብልቅ ግምቱም ተሸነፈ። የቀረው አንድ መልስ ነው፤ ሁለቱ ክሮች ይላቀቃሉ፣ እያንዳንዱም ክር ለአዲስ ክር መጻፊያ ይሆናል።

ይህ የባክቴሪያ ነገር ብቻ ነው ለሚል አንባቢ ሌላ ማስረጃ አለ፤ ከማዕዳችንም የራቀ አይደለም። በ1957 ኸርበርት ቴይለርና ሁለት ባልደረቦቹ የባቄላን ሥር ጫፍ ጨረር በሚያወጣ ቲሚዲን (አዲስ ዲኤንኤ ሲሠራ ቲ ሆኖ በሚገባ ንጥረ ነገር) አጠጥተው ክሮሞሶሞቹን፣ ማለትም ዲኤንኤው የተጠቀለለባቸውን አካላት፣ በፎቶግራፍ ፊልም አነበቡ። ከመጀመሪያው ቅጂ በኋላ ሁለቱም እኅትማማች ክሮሞሶሞች ምልክቱን ተሸክመው ታዩ፤ ምልክቱ በሌለበት አንድ ዙር ጨምረው ሲቀዱ ግን ከሁለቱ አንዱ ብቻ ምልክት ያለው ሆነ። አሮጌው ክር ከአዲስ ጓደኛ ጋር እየተጣመረ መሄዱን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም። ስለዚህ ከተከፈሉት ሕዋሳት አንዷን ዋና፣ ሌላዋን ቅጂ ማለት አይቻልም። ሁለቱም ግማሽ አሮጌ፣ ግማሽ አዲስ ናቸው። ቁም ጸሐፊው ዳዊቱን ለሁለት ሰንጥቆ፣ የጎደለውን ግማሽ ከቀረው ግማሽ እያነበበ በሁለቱም ላይ ቢሞላ ነበር ምሳሌው የሚገጥመው። ይህን የሚያስችለው ቅርጹ ነው፤ ኤ ባለበት ማዶ ቲ፣ ጂ ባለበት ማዶ ሲ መኖሩ ስለሚታወቅ ግማሹን የያዘ ሙሉውን ያውቃል። የቻርጋፍ እኩልነትም ትርጉሙ ይኸው ነበር።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ጸሐፊው ግማሽ መንገድ ትክክል ናቸው። ክሮቹ መከፈታቸው እውነት ነው፤ የሚከፍታቸው ሄሊኬዝ የሚባል ኢንዛይም፣ ማለትም በሕዋስ ውስጥ ሥራ የሚያከናውን ፕሮቲን ነው። ነገር ግን ከአንድ ጫፍ ተጀምሮ እስከ ሌላው ጫፍ የሚለውን አንባቢው በእርሳስና በወረቀት ሊፈትነው ይችላል። ከሰው ክሮሞሶሞች ትልቁ፣ አንደኛው ክሮሞሶም፣ ወደ 249 ሚሊዮን ጥንድ ፊደላት አሉት። በሰው ሕዋስ ውስጥ ቅጂው በሰከንድ በግምት 50 ፊደል ይራመዳል። አካፍሉት፤ ወደ 5 ሚሊዮን ሰከንድ፣ ማለትም ከ57 ቀናት በላይ ይሆናል። ሕዋሱ ግን ሁሉንም ክሮሞሶሞቹን ቀድቶ የሚጨርሰው በ8 ሰዓት ገደማ ነው። ልዩነቱ የሚፈታው ቅጂው በአንድ ጊዜ በብዙ ቦታ ስለሚጀመር ነው፤ በሰው ሕዋስ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ መነሻዎች አሉ፤ ከእያንዳንዱም መነሻ ሥራው በግራና በቀኝ ይሄዳል። ብዙ ሰው በአንድ እርሻ ላይ በየትልሙ ሲሰማራ የሚመስል ሥራ ነው።

የዚፑ ምሳሌ ሁለተኛው ጉድለት ዚፕ የማይጠማዘዝ መሆኑ ነው። ይህን በክፍል ውስጥ ሁልጊዜ የማሳየው በቃጫ ገመድ ነው። ከሁለት ክር የተገመደ አንድ ክንድ ተኩል ያህል ገመድ አመጣለሁ፤ አንድ ተማሪ ጫፉን አጥብቆ ይይዛል፤ ሌሎች ሁለት ተማሪዎች በዚያኛው ጫፍ ሁለቱን ክሮች ግራና ቀኝ ይጎትታሉ። የመጀመሪያው አንድ ስንዝር በቀላሉ ይላቀቃል። ከዚያ በኋላ ያልተላቀቀው ክፍል እየጠበቀ፣ እየተኮማተረ፣ በመጨረሻም በራሱ ላይ እየተጠቀለለ ይቋጠራል፤ ተማሪዎቹ ምንም ቢጎትቱ አንዲት ጣት አይጨምሩም። በዚህ ጊዜ ምላጭ አንሥቼ ከቋጠሮው ወዲያ ከሁለቱ ክሮች አንዱን ብቻ እቆርጠዋለሁ፤ ገመዱ እንደ እንዝርት ይሽከረከርና ይላላል። የተቆረጠውን ቋጥሬ መልሼ «ጎትቱ» ስላቸው ሥራው ይቀጥላል።

ይህ ጥያቄ ታላላቆቹንም ያስጨነቀ ነበር። ማክስ ዴልብሩክ በ1954 ሁለቱ ክሮች ሳይቆረጡ ሊላቀቁ አይችሉም ብሎ በጽሑፍ ተከራክሯል፤ ከላይ ያነሣሁት የድብልቅ ግምትም የመጣው ከዚህ ጭንቀት ነው። ስለ ቅጂው አጠቃላይ አካሄድ ባይቀናውም መቆረጥ ማስፈለጉን በትክክል አይቷል። በ1971 ጄምስ ዋንግ በባክቴሪያ ውስጥ ልክ እንደ ምላጩ የሚሠራ ኢንዛይም ማግኘቱን አሳተመ፤ አሁን ቶፖአይሶመሬዝ በሚባለው ቤተሰብ ውስጥ ይመደባል። ክሩን ይቆርጣል፣ ጥምዙ እንዲላላ ያደርጋል፣ መልሶም ይሰፋል። ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ 4.6 ሚሊዮን ጥንድ ፊደላት ስላሉት በእያንዳንዱ ቅጂ ወደ 440 ሺህ የሚጠጉ ዙሮችን መፍታት አለበት፤ በሰከንድ 1,000 ፊደል የሚጽፍ እንደመሆኑም ዙሩ በሰከንድ ወደ 100 ይጠጋል። በየፋርማሲው የምናውቀው ሲፕሮፍሎክሳሲን ባክቴሪያን የሚገድለው በዚህ በኩል ነው፤ የዚሁ ቤተሰብ አባል የሆነ ኢንዛይም ዲኤንኤውን ከቆረጠ በኋላ መልሶ እንዳይሰፋ ይይዘዋል። ዲኤንኤ እንደ ዚፕ ቢከፈት ኖሮ ይህ መድኃኒት የሚይዘው ነገር ባልነበረው ነበር።

«በሁለቱም በኩል እኩል ይጻፋል» የሚለው ደግሞ ከተቃራኒው አቅጣጫ ጋር ይጋጫል። አዲሱን ክር የሚጽፈው ዲኤንኤ ፖሊመሬዝ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚጽፈው። ሁለቱ አሮጌ ክሮች ተቃራኒ አቅጣጫ ስላላቸው፣ በአንዱ ላይ ኢንዛይሙ መክፈቻውን እየተከተለ ሳያቋርጥ ይሄዳል፤ በሌላኛው ላይ ግን መክፈቻው ጥቂት እስኪርቅ ቆይቶ፣ ወደ ኋላ ቁራጭ ይጽፋል፣ ደግሞ ይጠብቃል፣ ደግሞ ቁራጭ ይጽፋል። እያንዳንዱ ቁራጭ የዲኤንኤ ዘመድ በሆነው በአርኤንኤ በተሠራ አጭር መነሻ ይጀመራል፤ መነሻው በኋላ ተነሥቶ በዲኤንኤ ይተካል፤ ቁርጥራጮቹንም ላይጌዝ የሚባል ኢንዛይም ይሰፋቸዋል። እነዚህን ቁርጥራጮች በ1960ዎቹ መጨረሻ በጃፓን ናጎያ ያሳዩት ባልና ሚስቱ ሬጂና ጹኔኮ ኦካዛኪ ናቸው። ሬጂ የሂሮሺማ ተወላጅ ሲሆን በ1975 በደም ካንሰር ገና በ44 ዓመቱ አረፈ፤ ጹኔኮ ምርምሩን ቀጠለች። በባክቴሪያ አንዱ ቁራጭ ከ1,000 እስከ 2,000 ፊደል፣ በሰው ከ100 እስከ 200 ፊደል ያህል ይረዝማል።

ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ፣ ተፈጥሮ ለምን በሁለቱም አቅጣጫ የሚጽፍ ኢንዛይም አላበጀችም የሚል ነው። ጥያቄው የሚገባ ነው፤ መልሱም ለአምስተኛው ነጥብ መግቢያ ይሆነኛል። ለማያያዣው የሚያስፈልገውን ኃይል ይዞ የሚመጣው አዲሱ ፊደል ራሱ ነው። ፊደሉ ስሕተት ሆኖ ሲገኝ ተነቅሎ ይጣላል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ፊደል የራሱን ኃይል ይዞ ስለሚመጣ ሥራው ይቀጥላል። በተቃራኒው አቅጣጫ ቢጻፍ ግን ኃይሉ የሚቀመጠው በተጻፈው ክር ጫፍ ላይ ይሆናል፤ የተሳሳተው ፊደል ሲነቀል ኃይሉም አብሮ ይሄዳል፣ ጽሕፈቱም ይቆማል። ሕዋስ ያን ሁሉ የቁርጥራጭ ድካም የሚሸከመው መሰረዝ እንዲችል ነው። መሳሳት ባይኖር ይህ ሁሉ ድካም ምን ያደርግለት ነበር?

በአራተኛው ነጥብ ላይ፣ ጫፍ ማጠሩ እውነት ነው። በቁርጥራጭ የሚጻፈው ክር የመጨረሻ መነሻው ሲነሣ የሚተካው ስለማይኖር ጫፉ በየቅጂው ጥቂት ይጎድላል። ለዚህም የክሮሞሶሞቻችን ጫፍ ቴሎሜር የሚባል፣ ቲቲኤጂጂጂ የሚሉ ስድስት ፊደላት በሺዎች ጊዜ የሚደጋገሙበት መከታ አለው። በዘር ሕዋሳት ውስጥ ጫፉን መልሶ የሚያረዝመው ቴሎመሬዝ ነው፤ ኤልዛቤት ብላክበርን፣ ካሮል ግራይደርና ጃክ ሾስታክ በዚህ መስክ ሥራቸው በ2009 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ጸሐፊው ያልጠቀሱት ግን ይህ ኢንዛይም በአብዛኞቹ የሰውነታችን ሕዋሳት ውስጥ የተዘጋው በምክንያት መሆኑን ነው፤ ከአሥር ካንሰሮች በዘጠኙ ገደማ ተከፍቶ ይገኛል፤ ሕዋሱ ያለ ገደብ እንዲባዛ የሚረዳውም እሱ ነው። የትኛውም የዕፀዋት ዱቄት በዚህ መንገድ የሰውን ዕድሜ እንደሚጨምር አልተረጋገጠም፤ ገንዘብ ለማውጣት ያሰበ አንባቢ ይህን አውቆ ያስብ።

አሁን ወደ አምስተኛው ልምጣ፤ ይህን ምላሽ የጻፍሁት ከሁሉ በላይ በዚህ ምክንያት ነው። ጸሐፊው የመረጡትን ቁም ጸሐፊ እንመልከተው። ብራና ላይ የጻፈ ሰው ስሕተት ሲያገኝ በስለት ይፍቃል፤ የዘለለውን ቃል በመስመሮቹ መካከል አሳንሶ ያስገባል። የድሮ ብራናዎችን ያየ ሰው የተፋቀውን ቦታ ያውቀዋል። ሕዋስም እንዲሁ ነው። ፖሊመሬዙ ፊደል ሲመርጥ ከ100 ሺህ አንድ ጊዜ ገደማ ይስታል። ወዲያው ወደ ኋላ ተመልሶ የማይገጥመውን ይነቅላል፤ በዚህ ስሕተቱ ወደ 100 እጥፍ ይቀንሳል። ከዚያ ያመለጠውን ደግሞ ከኋላ የሚከተል ሌላ አራሚ ያገኘዋል፤ ጳውል ሞድሪች በ2015 የኖቤል ሽልማቱን የተካፈለው የዚህን አራሚ ሥራ በመፍታቱ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ከቢሊዮን ፊደል አንድ ገደማ ነው። ይህ እጅግ ድንቅ ጥራት ነው፤ ጸሐፊው በመደነቃቸው አልነቅፋቸውም። ነገር ግን ከአባትና ከእናት የመጣው ዲኤንኤ በአንድ ላይ ወደ 6.4 ቢሊዮን ጥንድ ፊደላት ስላሉት፣ ከቢሊዮን አንድ ማለት በእያንዳንዱ ክፍፍል ጥቂት ማለት ነው፤ ዜሮ ማለት አይደለም። አራሚው ራሱ በውርስ የተበላሸባቸው ቤተሰቦችም አሉ፤ ሊንች ሲንድሮም ይባላል፤ በወጣትነት የአንጀት ካንሰር በተደጋጋሚ ይታይባቸዋል። ስሕተት ከውጭ ብቻ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ አራሚው በመጥፋቱ ምንም ባልተለወጠ ነበር።

ስሕተቱ ከቅርጹ ጋር የተወለደ ነው። ፊደላቱ ለቅጽበት የሃይድሮጅናቸውን ቦታ ሊለውጡ ይችላሉ፤ በዚያች ቅጽበት ኤ ከሲ ጋር ሊገጥም ይችላል። ይህን የተናገሩት ዋትሰንና ክሪክ ራሳቸው ናቸው፤ ከመጀመሪያው ጽሑፋቸው አምስት ሳምንት በኋላ፣ ግንቦት 30 ቀን 1953 በወጣው ሁለተኛ ጽሑፋቸው። ውኃም አለ፤ ያለ ውኃ ሕይወት የለም፣ ሆኖም ቶማስ ሊንዳል እንዳሳየው ውኃ ብቻውን በአንድ ሕዋስ ውስጥ በቀን በሺዎች የሚቆጠሩ ፊደላትን ከክሩ ላይ ያረግፋል፤ ሕዋሱም ቀን ከሌት ይጠግናል።

የውጭ ነገር ጉዳት የለውም እያልሁ አይደለም። የትምባሆ ጭስ ከጂ ጋር የሚጣበቅ ኬሚካል አለው፤ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቲዎችን ያጣብቃል፤ በሻገተ ለውዝና በቆሎ ላይ የሚገኘው አፍላቶክሲን የጉበት ካንሰር ያመጣል። ጸሐፊው ከእነዚህ ተጠንቀቁ ማለታቸው መልካም ምክር ነው። ስሕተታቸው «አንዳንዴ» ማለት ሲገባቸው «ምንጊዜም» ማለታቸው ላይ ነው፤ ያቺ አንዲት ቃል ሕመምተኛውን ሁሉ ጥፋተኛ ታደርገዋለች።

የማውቃት አንዲት እናት አለች። ሦስት ዓመት የሞላው ሁለተኛ ልጇ አኮንድሮፕላዥያ እንዳለበት ሐኪሞች ነግረዋታል፤ የእጅና የእግር አጥንቶች ርዝመት በተለመደው ልክ የማይጨምርበት ሁኔታ ነው። ይህን ጽሑፍ አንዲት ዘመድ ላከችላት፤ የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ቀይ ምልክት ተደርጎበት ነበር። ስልኳን ዘርግታ፣ «መምህር፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ እሱን አርግዤ ሳለሁ ምን በልቼ ነው?» አለችኝ።

የነገርኋት ይህን ነው። ለውጡ በልጁ ሕዋሳት ሁሉ ውስጥ ይገኛል፤ እንዲህ የሚሆነው ደግሞ መጀመሪያ በነበረችው አንዲት ሕዋስ ውስጥ ከነበረ ነው። ስለዚህ ከዚያች ዕለት በኋላ በበላችው ነገር ሊመጣ አይችልም። እንዲህ ያሉ ልጆች ከአሥሩ ስምንቱ ያህል የሚወለዱት ቁመታቸው እንደ ማንኛውም ሰው ከሆነ ወላጆች ነው፤ ለውጡም አዲስ የቅጂ ስሕተት ነው። እንዲህ ያለው አዲስ ለውጥ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በአባት በኩል እንደሚመጣ ይታወቃል፤ የእንቁላል ሕዋሳት መባዛታቸውን የሚጨርሱት ሴቲቱ ራሷ ከመወለዷ በፊት ሲሆን፣ የወንድ ዘር ምንጭ የሆኑት ሕዋሳት ግን ከጉርምስና ጀምሮ በዓመት 23 ጊዜ ያህል እየተከፈሉ ይኖራሉ። ብዙ የተቀዳ ብዙ የመሳት ዕድል አለው። «እንግዲያስ አባቱ ነው ጥፋተኛው?» እንዳትል ብዬ ይህንንም ጨመርሁላት፦ እያንዳንዱ የሚወለድ ሕፃን በወላጆቹ ላይ የሌሉ ከ60 እስከ 70 ያህል አዳዲስ የፊደል ለውጦችን ይዞ ይወለዳል። እሷም ይዛለች፣ እኔም ይዣለሁ፣ ጽሑፉን የላከችላት ዘመዷም ይዛለች። የአብዛኞቻችን ለውጥ ምንም በማይነካበት ቦታ ላይ ወደቀ፤ የልጇ አንዱ የአጥንትን እድገት በሚቆጣጠር ጂን ላይ ወደቀ።

የትኛው ፊደል እንደሆነ ላሳያት ጠየቀችኝ። ወረቀት አምጥቼ «ጂ ጂ ጂ» ብዬ ጻፍሁ፤ ከሥሩም «ኤ ጂ ጂ»። አራተኛው ክሮሞሶም ላይ፣ ኤፍጂኤፍአር3 በሚባለው ጂን ውስጥ፣ ይህ ሁኔታ ካለባቸው ሰዎች ከሞላ ጎደል በሁሉም ላይ የሚገኘው ለውጥ ይኸው ነው አልኋት። በጣቷ ሁለቱን መስመሮች እያፈራረቀች ነካቻቸው። «ይቺ ብቻ ናት?» አለች። «ይቺው ናት» አልኋት። ለዘመዷ ልታሳያት ወረቀቱን ይዛው ሄደች።